ከዚንክ የወጣችው መምህርት

ሐሙስ ዕለት፣ ምሳ እንደበላች፣ መምህርት ስንዱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወንበር ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት፤ ሕልምም አየች።

ጠዋት ተማሪዋ ሐያት፣ "ቀይ ብርሃን የቱንም ያህል ቢበረታ ከዚንክ ላይ ኤሌክትሮን የማያስወጣው ለምንድን ነው?" ብላ ጠይቃት ነበር። ስንዱ ፊዚክስ ስታስተምር ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ግን "መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል" ብቻ ብላ መለሰች። ክፍሉ ሳቀ። "ከሰዓት እነግራችኋለሁ" ብላ ወጣች።

በሕልሟ ትምህርት ቤቱ ተገልብጦ ነበር። ተማሪዎች የመምህራንን ደብተር ያርማሉ። ዳይሬክተሩ አርፍደው በመምጣታቸው በር ላይ ተንበርክከዋል። ፀሐይ ከመሬት ወደ ላይ ታበራለች። ስንዱ ራሷ ኤሌክትሮን ሆና፣ በዚንክ ቆርቆሮ ውስጥ ከብጤዎቿ ጋር ተፋፍጋ ቆማለች። የቆርቆሮው በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ድንበሩ ተቀምጠዋል፤ የሚጠብቁት ሰው እንዳይገባ ሳይሆን እንዳይወጣ ነው።

"ጋሽ ድንበሩ፣ ክፍል አለብኝ፤ ልውጣ" አለቻቸው።

"የሚገፋሽ ካገኘሽ ውጪ። ግን አንድ ብቻውን ገፍቶ ሊያስወጣሽ ይገባል። ተባብሮ መግፋት ክልክል ነው።"

ቀይ ብርሃኖች መጡ፤ ሺህ ይሆናሉ። አንዱ ያለውን ጉልበት ሁሉ ሰጥቷት ጠፋ። ነቅነቅ አለችና እዚያው ቀረች። ሁለተኛው ገፋት፤ ያው ነው። መቶኛውም ያው።

"እባካችሁ፣ አንድ ላይ ግፉኝ" ብላ ለመነቻቸው።

"እኛ የምንሠራው በየግላችን ነው፣ እመቤት" አሉ በትሕትና። "የአንዳችን ጉልበት ካልበቃሽ ብንበዛ ምን እንጠቅምሻለን?"

ስንዱ ማልቀስ ቃጣት። ያን ጊዜ አንድ ለዓይን የማይታይ ብርሃን መጣ።

"ማነህ?"

"አልትራቫዮሌት" አለና አንዴ ገፋት።

በጋሽ ድንበሩ ራስ ላይ አልፋ ወጣች። ከበሩ ማለፊያ የተረፈው ጉልበት እስከ ኳስ ሜዳው አደረሳት። ዘጠኝ ዓመት በቃሏ ሸምድዳ የያዘችውን ነገር አሁን በትከሻዋ አወቀችው፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

"ቲቸር" አለቻት ሐያት ትከሻዋን እየነካች። "ቲቸር፣ ክፍለ ጊዜው አልቋል።"

ስንዱ ብድግ አለች። "መልሱን አግኝቼዋለሁ።"

"ዳይሬክተሩ በእርስዎ ቦታ ገብተው መለሱልን" አለች ሐያት። "ቀይ ብርሃን በደንብ ከበረታ ያስወጣል አሉ። ፈተና ላይም ይወጣል ብለዋል።"