ምርቃትና ፓስታ

ቶሎ ይደርሳል የተባለ ነገር ሁሉ ሰው ያደክማል። ቀስ ብሎ የሚደርሰውንማ ማን ቆሞ ይጠብቀዋል? ይህን የምለው ዓረብ አገር ስድስት ዓመት በሰው ማዕድ ቤት ቆሜ «ቶሎ በይ!» የሚለውን ከስሜ አብልጬ ሰምቼ ነው። ደብረ ታቦር ስመለስ ከሻንጣዬ ይልቅ ድካሜ ይከብድ ነበር።

ሆድ ግን ድካም አያውቅም። አባቴ ጉና ሥር ገበሬ ናቸው፤ ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለቻቸው። ድንች ያስቀምጡባታል። ምግብ ቤት ልክፈትባት ብዬ ለመንኳቸው። አሰቡ። ክረምቱን ሙሉ አሰቡ። በመጨረሻ፣ የምሸጠውን ሠርቼ እንዳሳያቸው፣ የነፍስ አባታችንም ቀምሰው እንዲፈርዱ አዘዙ። ከድንች ጋር እወዳደራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ብሸነፍ የሚቀረኝ ወደዚያው ወደ «ቶሎ በይ» መመለስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጉልበቱ አልነበረኝም።

ጳጉሜን ውስጥ፣ ረቡዕ ለት ሁለቱም መጡ። ጾም ቢሆንም ክረምት ሊወጣ ሲል ጓሮ ስስት የለውም። ለጋ ዱባና ጎመን ከጓሮ ቆረጥኩ፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና የቆላ በቆሎ እሸት ከገበያ ገዛሁ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቼ አትክልቱን ጨመርኩበት። የፓስታው ማሸጊያ «ስምንት ደቂቃ» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ደብረ ታቦርን አያውቃትም። በእኛ ደጋ ውሃው ይንተከተካል እንጂ ቶሎ አያበስልም፤ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጾሙ ሲፈታ፣ ሁሉንም ደባልቄ ትኩስ ትኩሱን በትሪ አቀረብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አምሮ ነበር።

ብሉልኝ አልኩ። ማን ይብላ? አባቴ ትሪው ላይ እሸቱን አይተዋል፤ የዓመቱ የመጀመሪያ እሸት ደግሞ ሳይመረቅ አይቀመስም። መጀመሪያ «እርስዎ እያሉ?»፣ «ኧረ አባወራው ይቅደም!» ተባባሉ። ከዚያ ሁለቱም መረቁ። ከዘመን ወደ ዘመን ያሸጋግረን ተባለ። ለገብሱ፣ ለከብቱ፣ በስደት ላሉት፣ አልፎ ተርፎ ለጠፋው የጎረቤት በግ ተጸለየ። እኔ አሜን እያልኩ ፓስታውን አየዋለሁ፤ እሱ ወጡን እየጠጣ ያብጣል። የአባቴን ምርቃት ላቋርጥ? እንዲያ ያደረገች ልጅ የምትወርሰው ቤት ሳይሆን እርግማን ነው።

ምርቃቱ ሲያልቅ ትሪው ላይ የነበረው ገንፎ ነው። አባቴ በሹካ ቢያነሱት ሁሉም አንድ ላይ ተነሣ። አገላብጠው አዩትና፣ ስድስት ዓመት ባሕር ተሻግሬ የተማርኩት ገንፎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ድንቹም የትም እንደማይሄድ ጨመሩበት። አለቀስኩ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል ከተከተፈ ቆይቷል።

ያዳኑኝ የነፍስ አባታችን ናቸው። ጥርሳቸው ካለቀ ሰንብቷል። ሲበሉ ቆይተው ቀና አሉና፣ «ከፋሲካ ወዲህ ለማኘክ ሳልቸገር የጠገብኩት ዛሬ ነው፤ ቤቱን ይስጧት» ብለው ፈረዱ። አባቴ የነፍስ አባት ቃል አይሽሩም። እሺ ያሉት ግን አንድ ነገር አስረው ነው፦ በእሳቸው ቤት ማንም ሳይመረቅ አይጎርስም፤ መራቂውም እሳቸው ናቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ለቅሜ ጨርሻለሁ። አሁን አባቴ እርሻውን ለወንድሜ ትተው በየቀኑ በራፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ድንቹ ከጓዳ፣ እኔ ከምድጃው ጋር። የቸኮለ ሾፌር ገብቶ ፓስታ ሲያዝ ይነሣሉ። «በስመ አብ» ሲሉ ጥሬውን ፓስታ የፈላው ውሃ ውስጥ እጨምራለሁ፤ በመጨረሻው «አሜን» አወጣዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጥሬ ሆኖ፣ ወይ አብጦ አያውቅም። ሾፌሮቹም ለምደው አብረው አሜን ይላሉ፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው መቼስ ምርቃት አይከፋም።

አባቴ ለቅሶ የሄዱ ለት ግን ፓስታ የለም። ለመጣው ሁሉ «ዛሬ መራቂው የሉም» ብዬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እግሬን ዘርግቼ አርፋለሁ። የማርፈው ያችን ቀን ብቻ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ሰሞኑን ጠዋት ስነሣ ማን ሞተ ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ።