የሳምሶን ሰባት መቶ ፈረስ እና የእትዬ አስካለ መንጃ ፈቃድ

ሰው የማይጠቀምበትን ጉልበት ለምን ይገዛል? ይህን ጥያቄ እዚህ አሜሪካ ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ መኪና ከመኪና ተጣብቆ በቆመበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከፊታችሁ የቆመውን መኪና ታርጋ በቃላችሁ አጥንታችሁ፣ ከጎናችሁ ያለችው ሴትዮ ኩሏን ተኩላ ጨርሳ፣ መንገዱ ግን ንቅንቅ የለም። እንግዲህ እዚያ መሃል አንዱ ባለ ሰባት መቶ የፈረስ ጉልበት ሞተር ይዞ ይቆማል። እኔም ኮሮላዬን ይዤ ከጎኑ እቆማለሁ። እኩል ቆመናል።

«ቅናት ነው» የምትሉኝ አትጠፉም። አዎን፣ ቅናት ነው፤ ምን ይደበቃል። የአክስቴ ልጅ ሳምሶን ያቺን መኪና የገዛ ሰሞን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩን አላነሳሁለትም። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መሃል ነው፤ የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ድሮ ለውድድር ሜዳ ብቻ ይሆን የነበረውን ሞተር የብድር ወረቀት ለፈረመ ሁሉ መሸጥ የጀመሩበት ዘመን። ሳምሶን ፈረመ። ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ጥገና ይሠራል፣ ከዚያ ወጥቶ የፓርኪንግ ጋራዥ ይጠብቃል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መኪናዋን ያጥባል። ሚስት አላገባም። ጊዜ የለውማ!

አሁን እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ካለሁበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ በእህታቸው ልጅ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኙ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምረው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዲቪ ደርሷቸው የመጡ ሴት ናቸው። የእህታቸው ልጅ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን የሰው ሳሎን የሰው ሳሎን ነው። እንግዳ ከመጣ ትራስ ተሸክሞ መቆም አለ፤ ቴሌቪዥኑ ካልጠፋ እንቅልፍ የለም። እንዲህ ሆነው ስምንት ወር ከረሙ። በመጨረሻ አንድ ድርጅት ሎረል ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ የመንከባከብ ሥራ ሰጣቸው። ሥራው ሰኞ ይጀመራል፤ እዚያ ሰፈር ግን አውቶቡስ አይደርስም። የመንጃ ፈቃድ ፈተናቸው ደግሞ ሐሙስ በልትስቪል ነው። ሐሙስ ካለፉ ሰኞ ሥራ፣ ከሥራው በኋላ የራሳቸው ክፍል። ከወደቁ ሶፋው።

እዚህ ተፈታኝ መኪና ይዞ ነው የሚቀርበው፤ በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ለፈተና የሚሆን መኪና የሚያውሰው ቀድሞ የመጣው ሰው ነው። ለእኔም ያወሰኝ ስሙን እንኳ በደንብ የማላውቀው ሰው ነበር። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ በኮሮላዬ አለማመድኳቸው፤ እጃቸው ጥሩ ነው፣ ልባቸውም ረጋ ያለ ነው። ረቡዕ ዕለት ግን አንድ የጭነት መኪና ጠጠር አስፈንጥሮ የፊት መስታወቴን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። በተሰነጠቀ መስታወት ፈተና የለም። ለማውቀው ሁሉ ደወልኩ፤ ሐሙስ ጠዋት ሥራ የማይገባ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ።

«አብደሃል?» አለኝ ሳምሶን። «ሰቨን ሀንድረድ ሆርስፓወር ነች እኮ! ለጀማሪ ነው የምትሰጠው?»

«ሶፋ ላይ ነው የሚተኙት» አልኩት።

 እሱም የመጣ ጊዜ የእኔ ሶፋ ላይ ከርሟል። «ስክራች ካደረጓት ግን...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ስልኩን ዘጋው። ሐሙስ ጠዋት በራችን ላይ ነበር። መድረሱን ለማወቅ መስኮት መክፈት አላስፈለገንም፤ ሞተሯ ያጓራል፣ ከማጓራቱ በላይ ደግሞ ቀጭን ፉጨት አላት።

«ይኼ የሚያፏጨው ምንድን ነው?» አሉ እትዬ አስካለ ገና ቀበቷቸውን ሳያስሩ።

«ሱፐርቻርጀር ይባላል፣ እትዬ። ሞተሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር እያመቀ ይጨምርለታል። አየር ሲበዛ ነዳጅ ይበዛል፣ ነዳጅ ሲበዛ ጉልበት ይበዛል» አለ ሳምሶን።

«እሱን ራሱን ማን ያዞረዋል?»

«ሞተሩ ነዋ፣ ቺንጋ በሚባለው የጎማ ቀበቶ።»

«እንግዲያው ከራሱ ጉልበት ቀንሶ ነው ጉልበት የሚያመጣው» አሉ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ መምህር ጣታቸውን አንስተው። «እንደ አንተ ነው በለኛ! ማታ የምትሠራው ለመኪናዋ፣ መኪናዋ የምትወስድህ ለማታ ሥራ።»

 እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ሳቅሁ። በመንገዳችን ሁሉ ሳምሶን «ነዳጅ መስጫው ሥር እንቁላል አለ ብለው ያስቡ» እያለ ይለምናቸዋል፤ እሳቸውም «እሺ የኔ ልጅ» እያሉ ያረጋጉታል።

ፈታኙ ወፍራም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። መኪናዋን ሲያይ ግን ተፈታ። ዙሪያዋን ዞሮ፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እኔና ሳምሶን አጥሩ ጋ ቆመን እናያለን። እትዬ አስካለ ወደ ኋላ አቆሙ፤ ልክ። ዞሩ፤ ልክ። ሰባት መቶው ፈረስ በእግራቸው ሥር እንደ በግ ይነዳል።  ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ወዳለው፣ መኪና ሁሉ ከአራት አቅጣጫ ቆሞ በተራ ወደሚያልፍበት መገናኛ ደረሱ። ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ተራው የእሳቸው ነው። ሆኖም በስተቀኝ አንዲት አሮጌ ካምሪ መጥታ ቆመች። ውስጧ ያሉት ጺማቸው የነጣ፣ የእኛው አገር ሽማግሌ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሐበሻ ላልሆነ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። እትዬ አስካለ አንገታቸውን ሰበር አድርገው በእጃቸው «ይለፉ» አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «የለም፣ እርስዎ» አሉ። እሳቸው «ኧረ በሞቴ» የሚመስል ነገር አሳዩ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ብድግ ለማለት ቃጣቸው። ከኋላ ጡሩንባ ተጀመረ። ሁለቱም እኩል ተነቃነቁ፤ ሁለቱም እኩል ፍሬን ያዙ፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ሳምሶን የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ «እትዬ፣ ይሂዱ! ፕሊስ ይሂዱ!» ይላል። ማን ሰምቶት!

ፈታኙ ወረቀቱን ሲሰጠን ከልቡ አዝኖ ነበር። እንደ እሳቸው ሰው አክባሪ ሹፌር አይቶ እንደማያውቅ ነገረን፤ መውደቃቸውንም ነገረን። ያቺ መኪና በታሪኳ በፍጥነት ስትከሰስ ኖራ፣ በመቆም ስትወድቅ የመጀመሪያዋ መሆን አለበት።

ስንመለስ መሪውን ሳምሶን ያዘ። እትዬ አስካለ ወረቀቱን አራት ጊዜ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ትልቅ ሰው ጥሎ ማለፍን ማን አስተምሮኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ወደ ውጭ ዞሩ። ሳምሶን በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አያቸው። እኔም አየሁ፤ ዓይናቸው ሞልቷል። ድንጋይ ያስፈነጠረውን የጭነት መኪና በልቤ ረገምኩት።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» አለ ሳምሶን። «እኔ አደርስዎታለሁ።»

ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሎረል፣ በዚያ የጠዋት መንገድ! ያውም በየቀኑ። ከእንግዲህ ስለዚህ ልጅ ክፉ እንደማላወራ ያን ዕለት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ይኸው እስካሁን በመጠኑ ጠብቄዋለሁ።

የሎረሉ ሽማግሌ ሚስተር ሬይ ይባላል። በአማርኛ ቢሆን አንቱ ነበር፤ ፈረንጅ ስለሆነ ነው በአንተ የማወራችሁ። ዕድሜውን ሞተር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ፣ አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የዋለ ሰው ነው። ከእትዬ አስካለ በፊት ሦስት ተንከባካቢ አባርሯል፤ አራተኛዋንም ለማባረር ተዘጋጅቶ ነበር አሉ። ሰኞ ጠዋት ግን ፉጨቱን ሰማ። እትዬ አስካለ በሩን ሳያንኳኩ ከፍቶ ደጃፉ ላይ ነበር። ዓይኑ እሳቸውን አልፎ ወደ መኪናዋ ሄደ። ሳምሶን ኮፈኗን ከፈተለት፤ ሽማግሌው እጁን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ከዚያን ቀን ወዲያ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ሆኖ መጠበቅ፣ ሳምሶንንም ሩብ ሰዓት አቁሞ ማነጋገር ልማዱ ሆነ። ስለማባረር የሚነሳ ነገር ቀረ።

ወር አለፈ። የኮሮላዬ መስታወት ተቀየረ፣ እትዬ አስካለ በእሷው ተፈትነው አለፉ፤ ያን ዕለት መገናኛው ላይ ማንም ሐበሻ አልነበረም። በማግስቱ ራሳቸው እየነዱ፣ እኔ ለአይዞዎት ከጎናቸው ሆኜ፣ ሎረል ገባን። ሚስተር ሬይ በመስኮቱ ኮሮላዬን አየ። አንዴ አየ። ከዚያ መጋረጃውን ዘጋው።

አንኳኳን።  «እኔ ነኝ፣ አስካለ!» ቢሉ «መኪናዋስ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። እንግዲህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከሽማግሌው ቤት ስልክ ለድርጅቱ ደውለው መግባታቸውን ካላስመዘገቡ እንደቀሩ ይቆጠራል፤ የቀረ ሰው ደግሞ በሌላ ይተካል። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። የማግባባት ተራ የእኔ ሆነና ስለ ኮሮላዬ ጥንካሬ ትንሽ ተናገርኩ። መጋረጃው ከዚያ ባሰ ጠበቀ።

እትዬ አስካለ ለሳምሶን ደወሉ። ገና አልጋው ላይ ነበር። «መኪናዋን አስነሳልኝ» አሉት፤ በር ተዘጋ፣ ከዚያ ያቺ ፉጨት በስልኩ ውስጥ ተነሳች። እትዬ አስካለ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተው ስልኩን በበሩ የፖስታ ቀዳዳ አስገብተው ያዙት። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ተንበርክከው። ውስጥ የወንበር ጎማ ሲንቀሳቀስ ሰማን፤ ቆመ፤ ብዙ ቆየ። በሩ ተከፈተ።

ሚስተር ሬይ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ስልኩ ላይ አጎነበሰና «ቺንጋው ላልቷል» አለ። «ረቡዕ ያምጣት፣ ንገሪው።»

እትዬ አስካለ የቤቱን ስልክ ያነሱት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በተከታዩ ወር ታኮማ ፓርክ ውስጥ በራሳቸው ቁልፍ የሚቆለፍ ክፍል ተከራዩ። ሳምሶን ግን ያን ጠዋት በጣም ተቆጥቶ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ነው ሰርቪስ ያስደረጋት፣ ከሎረል ሆኖ በስልክ ቺንጋ የሚመረምር ማን ነው፣ የሰውዬው ጤንነትስ እንዴት ነው፣ አለ። ረቡዕ ሚስተር ሬይ ደጃፍ ወስዶ ኮፈኗን ከፈተው።

እውነትም ላልቶ ነበር።