የመርቭ የብቻ አልበም ከነአጋዦቹ

ለሮክ ሙዚቃ ክብርና ለባለቤቴ ለመርቭ ሳንባ ደኅንነት ሲባል፣ የሚከተለው በጽሑፍ ይቀመጥ ዘንድ ግድ ሆኗል።

መርቭ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዘፋኝ ኋላ ቆሞ ጊታር መታ። ሲዘፍን የሰማነው እኔና የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ነን። ሰባ አንድ ሲሞላው፣ «ኖሪን፣ ትንፋሼ ሳያልቅ አንዴ እንኳ ድምፄ ብቻውን ይሰማ» አለኝ። አንጀቴን በላው። የጓሮውን ቆርቆሮ ጋራዥ ለቀቅኩለት። በከተማችን በዴቨንፖርት ሐምሌ የብርድ ወር ነው፤ ነፋሱ በየቀዳዳው ይገባል፤ ደረቱ ደግሞ ደካማ ነው። እኔ በየሩብ ሰዓቱ በመስኮት እየጮህኩ የአልበሙ ቀረጻ በይፋ ተጀመረ።

በእኛ ዘንድ ካርቶን ቢራ ተሸክሞ የመጣን ወዳጅ ከደጅ መመለስ ነውር ነው። መጀመሪያ የመጣው ሊንዚ ነው፤ ያው የድሮው ባንድ ዘፋኝ። ካርቶን ይዟል።

«ላግዝህ መጣሁ።»

«ብቻዬን እኮ ነው የምሠራው!»

«ገብቶኛል፣ አንተ ሽማግሌ! ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው።»

ከዚያ ከበሮ መቺው፣ ከዚያ የከበሮ መቺው አማች። አሥራ አራተኛ ሆነው የመጡት የሰፈራችን ክበብ ሊቀመንበር ሲሆኑ፣ ሙያቸው ማፏጨት ነው። ሁሉም የየራሱ ድምፅ ከፍ እንዲል በትሕትና አሳሰበ።

«ቦታ ከየት ላምጣ?» ይላል ድምፅ የሚቀርጸው ኬልቪን።

«የኔን ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ እንዳይከፋቸው» ይላል መርቭ።

አልበሙ በክበቡ ሲመረቅ ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ። «ይህ ብቸኝነት የሁላችንም የጋራ ጥረት ውጤት ነው!» ተጨበጨበ። ሦስት ዘፈን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ።

«መርቭ፣ የቱ ጋ ነህ?»

«ሽፋኑ ላይ» አለኝ ቀስ ብሎ።

አራተኛው ዘፈን መሀል ላይ ሁሉም መሣሪያ ጸጥ አለና፣ አንድ ድምፅ ብቻውን ወጣ፦ «አንተ መርቭ! ሹራብህን ልበስ ብዬሃለሁ!»

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ኬልቪንን አፋጠጥኩት።

«ምን ላድርግ፣ ኖሪን? ያንቺን ዝቅ አድርገው ያለኝ የለም።»

ሕዝብ ስለጠየቀ፣ እነሆ የራሴን አልበም ጀምሬያለሁ፤ ብቻዬን። ትናንት የጋራዡ በር ተንኳኳ። መርቭ ነው፤ ካርቶን ይዟል።

«ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው» አለኝ።

ሹራብ አልለበሰም።