ጋሼ ተሾመ 911 ደወሉ

እልል በሉ! ጋሼ ተሾመ 911 ደወሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ አስቴርም ድነው ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ!

"ታዲያ ይሄ ምኑ ዜና ነው?" ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ ቅመም የሚሸጡትን ጋሼን ስለማታውቋቸው ነው። ለድንገተኛ አደጋ 911 መደወል ሰው ማስቸገር ከሚመስላቸው ወገን ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው እናንተ ቤት የለም? ውሸታሞች!

ማክሰኞ ቅመም ልገዛ ሱቃቸው ገብቼ ሳለሁ እትዬ አስቴር ደረታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ጋሼ፣ 911 ይደውሉ!" አልኩ።

"ቢል ልከው ያስከፍሉናል! እኔው ድራይቭ አድርጌ ሆስፒታል አደርሳታለሁ።"

በዚያ ትራፊክ! ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የስልክ ቢላቸውን አነሳሁና "911" የምትለዋን ትንሽ መስመር አሳየኋቸው። "የ911 ስልክ የሚሠራው ከዚህች በሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። በየወሩ ሲከፍሉ ኖረዋል!" (የአምቡላንሱ ለብቻው ነው፤ እሱን ኢንሹራንሱ ይነጋገርበት።)

"ከፍያለሁ?" ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! ደወሉ። ስልኩ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ ስትገባላቸው ግን ሰላምታ ጀመሩ።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? እናትሽስ?"

"ደህና ናቸው አባቴ፤ ማን ነው የታመመው?"

እትዬ አስቴር ከወለሉ ላይ ጮኹ፦ "ተሾመ! እኔ ደህና አይደለሁም በላት!"

አምቡላንሱ ወዲያው ደረሰ።

አሁን ጋሼ ሱቅ ለገባ ሁሉ ያቺን መስመር ያስተምራሉ። እናንተንም እሁድ ቤታቸው ጠርተዋችኋል። "ቢላችሁን ይዛችሁ ኑ" ብለዋል። የስልኩን ማለታቸው ነው፤ የቁርጡ ቢላ እሳቸው ጋ አለ።