ራጅ ክፍል የተሸሸገው አማች

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ሳለሁ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። ሆስፒታል የሚማሩት ድሬሰሮች ሁሉ መርፌ ክፍል ለመመደብ ይጋፋሉ፤ ራጅ ክፍል ሲባሉ ግን ፊታቸው ይጠቁራል። ለምን ይመስልሃል፣ አንባቢዬ? እነሱ «ጨረሩ ዘር ያደርቃል» ይላሉ። እኔ አላመንኳቸውም። መርፌ የሚወጋው ገበያ ሲወጣ «አከም ጂርቱ፣ ዶክተር» እየተባለ እጅ ይነሳለታል። በጨለማ ለሚሠራ ሰው ማን ቅቤ ያመጣለታል?

ታዲያ ፈይሳ የሚባል ድሬሰር ራጅ ክፍልን ለምኖ መግባቱ እንቅልፍ ነሳኝና ጠየቅኩት።

«መርፌ ክፍል ሳለሁ አማቴ ከዲጋ መጡ» አለኝ።

በዚያ አገር ወግ አማች የአማቱን ፊት አያይም። መርፌ የሚወጋበትን ቦታ እንግዲህ አንተው አስበው። ደግሞ ሴትየዋ ፈይሳ ልጃቸውን ለጋብቻ ሲጠይቅ የላካቸውን ሽማግሌዎች ደጋግመው የመለሱበት ናቸው፤ «አንጀት የላቸውም» እያለ ሲያማቸው ኖሯል። መርፌውን ጥሎ በመስኮት ወጣ። ራጅ ክፍል ጨለማ ነው፣ ማንም የማንንም ፊት አያይም ብሎ እዚያ ተሸሸገ።

የአማቱ ሆድ ግን አልሻል አለና ዶክተሩ ወደ ራጅ ላካቸው። ሆድን በራጅ አጉልቶ የሚያሳየውን ነጭ መድኃኒት ጠጥተው ከራጁ መስታወት ኋላ ቆሙ። ፈይሳ በሳላቸው አወቃቸው፤ መሸሻ ግን አልነበረም። ፊታቸውን ላለማየት የተሰደደው ሰው ውስጣቸውን ቁልጭ አድርጎ አየ።

«ታዲያ ምን አገኘህ?» አልኩት።

ግራ ቀኙን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በከንቱ ነው ያማኋቸው» አለ። «አንጀትስ አላቸው።»