ሟች ያልተገኘለት የለቅሶ ጭፈራ

ባህል አይሞትም ይላሉ። እውነት ነው፤ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ማይክሮፎን ይሰጠዋል፣ ሰባት ደቂቃም ይመደብለታል።

በጋሞ ምድር፣ ኦቾሎ በምትባል መንደር የተከበረ ሽማግሌ ሲሞት ወንዶች ጦር ይዘው በሜዳው ወዲያ ወዲህ እየሮጡ ይጨፍራሉ። አንድ አልቃሽ ደግሞ ሟቹ በሕይወቱ የሠራውን ይቆጥራል፤ ያረሰውን፣ ያስታረቀውን፣ ያበላውን። ይኸው ጭፈራ ባለፈው ዓመት ከተማ ውስጥ ሴቻ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ በአንድ ስብሰባ የምሳና የሻይ ዕረፍት መካከል ቀረበ። እኔ ለዘገባ ሄጄ ነበር። ስሜት አልዘግብም፤ ያየሁትንና የሰማሁትን እጽፋለሁ።

የስብሰባው ክቡር እንግዳ የሆኑት ባለሥልጣን ከወደዱት ቡድኑ አዲስ አበባ ለፌስቲቫል ይላካል፤ ካልወደዱት ምሳውን በልቶ ወደ ኦቾሎ ይመለሳል። የቡድኑ መሪና አልቃሽ ጋሽ ጦና አዲስ አበባን አይተው አያውቁም። ሳልሞት አንድ ቀን ልያት ብለው ለሁላችንም ነግረውናል።

ሊጀመር ሲል ጋሽ ጦና አስተባባሪዋን አስቴርን ጠሩና ለመሆኑ የሞተው ማነው ብለው ጠየቁ። ማንም አልሞተም ጋሼ፣ ትርዒት እኮ ነው አለቻቸው። ታዲያ ምን ብዬ ላልቅስ? የሚቆጠር ሥራ ከሌለ ሩጫ ብቻ ነው፤ ለሩጫማ ስታዲየም አለላችሁ አሏት። አስቴር ሰዓቷን አየችና፣ በቃ ለክቡር እንግዳው ያድርጉት አለች።

ጋሽ ጦና ደነገጡ። በሕይወት ያለን ሰው ስም ጠርቶ ማልቀስ ነውር ነው። ግን አዲስ አበባም አለች! ስሙን አልጠራም፣ ሥራውን ብቻ ንገሪኝ ብለው ተስማሙ።

አስቴር የፕሮግራሙን ወረቀት አገላበጠች። ያን ያህል ከባድ ጥያቄ ነበር እንዴ? ስብሰባ ይከፍታሉ አለች በመጨረሻ፤ ይዘጋሉም። ሪባን ይቆርጣሉ። ችግኝ ይተክላሉ። ጸደቀ ወይ? አሏት። እሱን እንኳ አላየሁም። ሌላስ? መንገድ ሊያሠሩልን ቃል ገብተዋል። ይሁን፣ ከባዶ ይሻላል አሉ ጋሽ ጦና።

ጦሮቹ ተነሡ፤ አንዱ የጣሪያውን መብራት ነካ። ጋሽ ጦና በጋሞኛ አለቀሱ፦ ስብሰባ የከፈትክ፣ የከፈትከውን መልሰህ የዘጋህ! ችግኝህ ደርቆ ፎቶህ የለመለመ! መንገዳችንን በአፍህ የጠረግህ፣ ወዮ! ጨፋሪዎቹ እንባቸውን ጠረጉ። የሐዘን ይሁን የታፈነ ሳቅ አላጣራሁም።

ጋሞኛ የማይሰሙት እንግዳ ወደ እኔ ዘንበል ብለው ምን እያሉ ነው አሉኝ። አስቴር ከኋላቸው በዓይኗ ለመነችኝ። እኔ ግን ጋዜጠኛ ነኝ፤ ቃል በቃል ተረጎምኩ።

እንግዳው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲያልቅ ብድግ ብለው አጨበጨቡና ቡድኑ አዲስ አበባ ይሂድ ብለው እዚያው አዘዙ። ጋሽ ጦና ጦራቸውን አቅፈው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። እንግዳውን ግን ሐዘኑ አልለቀቃቸውም። እንዲህ ያለ ታታሪ ሰው ማጣት ከባድ ነው፤ ለመሆኑ መቼ ነው የሞተው? ሲሉ ጠየቁኝ።

ያልተረጋገጠ ነገር አልናገርም። ገና ነው አልኳቸው።