ሳሬን ብጠግን ምን አገባችሁ?

የፕላስቲክ ሳር እንደሚያረጅ ታውቁ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። የሸጠልኝ ሰውዬ «አንዴ አንጥፈህ እርሳው» ብሎኛል። ውሃ አይጠጣም፣ አይታጨድም፣ አይደርቅም። እኛ ቡራዩዎች ደግሞ የገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ ቧንቧችን የሚያወጣው ንፋስ ስለሆነ፣ ውሃ የማይጠጣ ነገር ሁሉ ዘመዳችን ነው። ግቢዬ ውስጥ አነጠፍኩት። ልረሳው ነበር፤ ማን ሊያስረሳኝ!

ሳሩ ተመልጦ በራ። መሀሉ ደህና ነው፤ የበራው ከውጪው በር ሥር ነው። ለምን በሉኝ። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ወሬ የነገሠበት፣ መንገዱ ተዘጋ ተከፈተ የሚባልበት ወቅት ነበር። እኔና ባለቤቴ ብርቄ ውሏችን በሩ ሥር ነው። ሰው ባለፈ ቁጥር «ምን ተባለ?» እንላለን። አንዱ አዲስ አበባ ልትውጠን ነው ይላል። ሌላው ኧረ ፕላኑ ቀርቷል ይላል። ደግሞ ሌላው መጥቶ፣ ቀርቷል የተባለው እንዲቀር ሳይሆን እንድንረሳው ነው ይላል። እኔ ሁሉንም አምናለሁ። አንዱን እግር በአንዱ እያሳረፍን ስንቆም ሳሩ አለቀ።

ታዲያ ልጠግነው ወይስ ልተወው? ቀላል ጥያቄ መሰላችሁ አይደል? መላጣውን ያየ ጎረቤት «ሊሄዱ ነው፤ ለሚለቁት ቤት ማን ሳር ይጠግናል» ብሎ አስወራብን። ልጠግነው ነው ስል ደግሞ «አሃ! የሰማው ነገር አለ» ተባለ። ምን ሰማሁ? የሰማሁት ነገር ቢኖርማ በሩ ሥር ምን አቆመኝ?

ከሁሉ የከበደኝ የኦቦ ቱፋ ነገር ነው። ኦቦ ቱፋ አጥር የምንጋራ አዛውንት ናቸው። ቤቴ ያረፈበት ቦታ ድሮ የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን የቀረቻቸው ከጓሮዬ ጀርባ ያለችው ብቻ ናት። ከጎንደር መጥቼ እዚህ ስገባ እጄን ይዘው ከሰፈሩ ሰው ጋር ያስተዋወቁኝ እሳቸው ናቸው። «አካም ጂርታ?» ብለው ደህንነቴን ሳይጠይቁ በደጄ አያልፉም። እኚህ ሰው፣ ሳር ልጠግን መሆኑ በተወራ ማግስት፣ አንገታቸውን ደፍተው አለፉኝ። ለካ ወሬኞቹ ፕላኑ ማሳቸውን ቆርሶ ለእኔ ግቢ ሊጨምርልኝ ነው ብለዋቸዋል! የእሳቸው ሰላምታ ከቀረብኝ እዚህ ሰፈር እኔ ማን ነኝ?

ቶሎ ጠግኜ ዝም ብል ወሬውም ዝም ይላል ብዬ አሰብኩ። ሰበታ የሚኖር ማቴዎስ የሚባል ሳር አንጣፊ መጠገኛ የሚሆን ቁራጭ ሳር በሚኒባስ ላከልኝ፤ ራሱ ሊመጣ ሲነሣ ግን መንገዱ ተዘጋ። ስለዚህ በስልክ አስተማረኝ። ያረጀውን ቆርጠህ አውጣ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፍ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ አዲሱን ስታስገባ ሳሩ የተኛበትን አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር አስተካክል፣ እስኪደርቅ ድንጋይ ጫንበት አለኝ። ሁሉንም አደረግኩ፤ አቅጣጫውን ብቻ ገለበጥኩት። በዚህም ምክንያት ቁራጩ ከበሩ ሲያዩት ለምለም፣ ከቤት ሲያዩት የገረጣ ሆነ። እኔና ብርቄ በቀለሙ እንኳ መስማማት አቃተን።

ድንጋዩን ደርድሬ እጄን ስታጠብ ብርቄ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ቀን በር ላይ ድንጋይ ትከምራለህ?» እውነቷን ነው። በዚያ ሰሞን የተከመረ ድንጋይ መንገድ ሊዘጋበት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ወታደር ቢያየኝ ስለ ማስቲሽ ላስረዳው ነው? መንገድ የሚዘጉት ወጣቶች ቢያዩኝስ፣ ለካ ከእኛ ጋር ነው ብለው ድንጋዩን ሊረከቡኝ ነው? እየሮጥኩ ወደ ጓሮ አጋዝኩት። ማስቲሹ ገና እርጥብ ነበር።

ስመለስ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ቱፋ! ወንበር ላመጣ ስል «ይቅር» አሉና እዚያው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማሳዬን ልትወስድ ነው ይላሉ። ከአፍህ ልስማ ብዬ ነው።»

ምዬ ተገዝቼ አስረዳኋቸው። የምጠግነው ሳሩ ስለበራ ነው፤ የበራው እዚህ ስለቆምን ነው፤ የቆምነው ነገሩ ስላልገባን ነው አልኳቸው። እሳቸውም «እኔም አልገባኝም» አሉ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም!

ከዚያ ሊመርቁን ፈለጉ። በእሳቸው ወግ ሽማግሌ ሰላም ሲለምን እርጥብ ሳር ይጨብጣል። ጎንበስ አሉ። ከበሩ በኩል ለሚያየው ደግሞ ከግቢው ሁሉ ለምለሙ የእኔ ቁራጭ ነው። ጨበጥ አድርገው ነጩት።

ቁራጩ እንዳለ ተነሥቶ መጣ፤ ከነጨርቁ፣ ከነማስቲሹ። ኦቦ ቱፋ እንደ አጎዛ የተንጠለጠለውን ነገር አዩት፣ ገልብጠው ሥሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ምርቃት ተጀምሮ አይቋረጥም።

«ነጋ ኑፍ ሃ ኬኑ» አሉ፤ ሰላም ይስጠን ማለታቸው ነው።

«ሃ ኬኑ!» አልን እኔና ብርቄ።

ቁራጩ ጣታቸው ላይ ተጣብቆ ስለነበር ምርቃቱ ትንሽ ረዘመ።

ታረቅን። ግን በሩ ክፍት ነበርና ሰፈሩ በማግስቱ አዲስ ወሬ ይዞ ተነሣ። ገበሬዎቹ መሬታቸውን ለማስመለስ በየግቢው እየገቡ ሳር እየነቀሉ ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቱፋ እያለከለኩ መጡ።

«ሳርህን ነቀሉት አሉ! ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ኦቦ!»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ሰዎቹ እርግጠኛ ሆነው ነው የሚያወሩት። ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

እኔም ተጠራጠርኩ። መላጣው ላይ ጎን ለጎን ቆምንና፣ ሳራችንን ማን እንደነቀለው አላፊ አግዳሚውን መጠየቅ ጀመርን።